ለደጋን የሚሆን ኮላ

ሰው ከሰው የሚጣላው በመሬት ነው፣ በገንዘብ ነው። እኔንና የእህቴን ልጅ ያጣላን ኮላ ነው።

ልጁ ወደ አማርኛ የተመለሰ የቱርክ ድራማ ሲያይ ከርሞ ቀስት ካልሠራሁ ብሎ ተነሣ። አንድ ዘንግ አጉብጦ ጅማት ቢያስርበት ነገሩ ባልከበደ። እሱ የፈለገው ግን ስስ ስስ ተደርጎ የተላገ እንጨት እየተደራረበ የሚጣበቅበትን ነው፤ በዒላማው በኩል ከመተማ የመጣ ሽመል፣ በተኳሹ በኩል ወይራ። መላጊያውንና ብርጭቆ ወረቀቱን ከጎረቤት አናጢ ተውሶ ሲያበቃ፣ «ጋሼ፣ ኮላውን አንቱ ይገዙልኛል» አለኝ።

ቅዳሜ ገበያ ወረድን።

«ለምን ሥራ ነው?» አለ ባለሱቁ።

«ለደጋን።»

«ጥጥ ሊያስነድፉ ነው?»

አይፈረድበትም። ጎንደር ደጋንን የምታውቀው ጥጥ ሲነድፍና ማሲንቆ ሲያናግር ነው። ሁለቱም ከአንድ እንጨት ጎብጠው የሚወጡ ናቸው፤ ኮላ ደርሶባቸው አያውቅም። ባለሱቁ ግን ገዢ ባዶ እጁን የሚመልስ ሰው አልነበረም። ነጭ ኮላ፣ ማስቲሽና ባለሁለት ቱቦ ኢፖክሲ ባንኮኒው ላይ ደረደረልን። ጠቡ እዚህ ላይ ተጀመረ። ልጁ ቶሎ የሚደርቀውን ይፈልጋል፤ እኔ ደግሞ ቶሎ የተጣበቀ ቶሎ ይላቀቃል ባይ ነኝ። ዳኛ ስናጣ ጊዜ እኔ ወደ መጽሐፍ ዞርኩ።

ተደራርቦ የሚጣበቅ ቀስት ቱርኮች የጀመሩት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1922 የቱታንካሙን መቃብር ሲገኝ፣ ከንጉሡ ጋር ከ3,300 ዓመት ገደማ በፊት የተቀበሩ እንዲህ ያሉ ቀስቶች ወጥተዋል። ከእሱ ቀደም ብሎ የኖረው ሬክሚሬ የሚባል የግብፅ ሹም መቃብር ግድግዳ ላይ ደግሞ አናጢዎች በሥራ ላይ ተስለዋል፤ የማጣበቂያቸው ማሰሮ እሳት ላይ ተጥዷል። በዚያ ዘመን ማጣበቂያ ማለት ከብት ነው፦ ቆዳው፣ ጅማቱ፣ አጥንቱ። ቱርኮች ሙያውን ከጫፍ አደረሱት። እንጨቱን መካከል አድርገው በተኳሹ በኩል ቀንድ፣ በዒላማው በኩል ጅማት ለጠፉበት፤ ማጣበቂያውን ከጅማትና ከዓሣ ቀቀሉት። ጥሩ ቀስት ተጣብቆ፣ ደርቆ፣ እስኪጠና ዓመትና ከዚያም በላይ ይፈጅ ነበር። ይህን ስነግረው ልጁ ፊቱ ጠቆረ።

የቆዳ ማጣበቂያ ለእኛ ቤት እንግዳ አይደለም። የእግር ሾርባ ሲያድር የሚያረጋው ያው ነገር ነው። ቆዳው ፀጉሩ ተፍቆ ይዘፈዘፋል፣ ለዘብ ባለ እሳት ይቀቀላል፣ ተጠልሎ ይደርቃል። ሲፈለግ በውሃ ርሶ እንደገና ይሞቃል፤ ከ60 ዲግሪ ብዙ ካለፈ ግን ጉልበቱን ያጣል። ጣት ላይ ሲያርፍ መጀመሪያ ያንሸራትታል፤ በረድ ሲል ክር ያወጣል፤ ትንሽ ከቆዩበት ጣትን ከጣት አስሮ ያስቀራል። ጠላቱ እርጥበት ነው። ጎንደር ላይ ክረምቱን ለሚያውቅ ሰው ይህ ቀላል ነውር አይደለም።

ቆዳና ቀስት በእኛ በኩልም ተገናኝተዋል። በ1762 ዓ.ም. ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በምዕራቡ ቆላ ስላሉ አዳኞች ጽፏል። አዳኙ አውሬ በገደለ ቁጥር ከቆዳው ጠፍር ቆርጦ፣ እርጥቡን እንደ ቀለበት ቀስቱ ላይ ያጠልቀዋል። ቆዳው ሲደርቅ እንጨቱን ጨምድዶ ይይዛል። ግዳዩ ሲበዛ ቀለበቱ ይበዛል፤ ቀስቱም ከነአካቴው አልጎብጥም ይላል፤ ባለቤቱ ሌላ ይሠራል። ማዕረግ ሲደራረብበት መጎንበስ የሚያቅተው ሰው ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ባንኮኒው ላይ የተደረደሩት ሦስቱ የትናንት ልጆች ናቸው። ነጭ ኮላ የሚሠራበትን ንጥረ ነገር እ.ኤ.አ. በ1912 ያገኘው ጀርመናዊው ፍሪትዝ ክላተ ነው፤ በኢፖክሲ ስሙ የሚነሣው ስዊዘርላንዳዊው ፒየር ካስታን ደግሞ በ1930ዎቹ የሠራ ኬሚስት ነው። የሦስቱ ጠባይ ለየቅል ነው። ቀስት ሲሳብ የፊቱ እንጨት ይለጠጣል፣ የኋላው ይጨመቃል፤ መካከል ያለው ኮላ ሁለቱ እንዳይንሸራተቱ ብቻውን ይታገላል። ማስቲሽ ደርቆም እንደ ላስቲክ ይተጣጠፋል፤ ለጫማ ሶል የተመረጠውም ለዚሁ ነው፤ ለቀስት ግን አይሆንም። ነጭ ኮላ ጠንካራ ነው፤ ወንበር ላይ ከእሱ ቀድሞ እንጨቱ ይሰበራል። ነገር ግን ሸክሙ ሳይነሣለት ከቆየ ቀስ እያለ ይሸሻል፤ ጅማቱ እንደታሰረ የሚውል ቀስት ደግሞ ሸክሙ አይነሣለትም። ኢፖክሲ አንዴ ከጠና ከቦታው አይነቃነቅም፤ ውሃም እምብዛም አይደፍረውም።

ስለዚህ ፍርዱ ለኢፖክሲ ነው፤ ያውም በአምስት ደቂቃ እደርቃለሁ ለሚለው ሳይሆን ሌሊቱን ለሚያድረው። ፈጣኑ በጥንካሬ ከሚያድረው ያንሳል። የሚያድረውም ቢሆን ብርድ ያዘገየዋል፤ ከ2,800 ሜትር በላይ ባለችው ደባርቅ ሌሊት ደጅ ላሳደረው ሰው ጠዋት ገና ጣት ላይ ይጣበቃል። ሞቅ ያለ ቤት ያስፈልገዋል። የሽመሉ የሚያብለጨልጭ ቅርፊት ኮላ አይቀበልም፤ እሱ ወደ ውጭ ይሁን፤ የሚጣበቀው ገጽ በብርጭቆ ወረቀት ይሻከር። በተቀደደ የጎማ የውስጥ ላስቲክ ጥምጥም አድርጎ ማሰር ይበቃል፤ ከልክ በላይ ከጠበቀ ኢፖክሲው ተጨምቆ ወጥቶ እንጨት ከእንጨት ይቀራል።

አንባቢዬ፣ ይህን ሥራ የሚያስብ ልጅ ቤትህ ካለ አንድ ነገር አደራ በለው። ቀስቱን ከማጣበቁ በፊት ከዚያው እንጨት ቁራጭ ቁራጩን አጣብቆ፣ አጉብጦ፣ ድንጋይ አንጠልጥሎበት ይደር። ጠዋት ጠርዙ ከተዛነፈ ኮላው አልሆነም፤ ይለውጠው። ቀስት የሚሰበረው ሲሳብ ነው፤ ሲሳብ ደግሞ ለዓይን ቅርብ ነው።