«ሥራ» የሚለው ባዶ ቦታ

በደብረ ሲና በጸሐፊነት ስሠራ፥ ከማሰናዳው ወረቀት ሁሉ የሚያስቸግረኝ «ሥራ» ከሚለው ቃል ፊት ያለውን ባዶ ቦታ መሙላት ነው። ስሙንና ዕድሜውን ሳይጠራጠር የነገረኝ ሰው ከዚህ ሲደርስ ይዘገያል። አንዱ በክረምት ያርሳል፥ በበጋ በመኪና ማቆሚያው ጭነት ያወርዳል፤ ሌላው ቀን ግንበኛ፥ ሌሊት የሱቅ ዘበኛ ነው። የቅጹ ስፍራ ግን ለአንድ ቃል ብቻ ነው።

ከተማችን ከጣርማበር ሥር፥ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው ጎዳና ላይ ስለ ተቀመጠች፥ ሰዎቿ ከመንገዱ መብላትን ቀድሞም ያውቁ ነበር። በ1957 ዓ. ም. የብርድ ልብስ ፋብሪካ በቆመባት በደብረ ብርሃን በ2011 ዓ. ም. የኢንዱስትሪ ፓርክ ከተመረቀ ወዲህ ደግሞ፥ የወጣቶቻችን ዐይን ሽቅብ ወደ ዳገቱ ሆኗል።

ከእነዚሁም አንዱ ታናሽ ወንድሜ ነው። ባለፈው ዓመት መታወቂያውን ሊያሳድስ ከፊቴ ቆመ። በወር ደመወዝ እንደሚያድር ስለማውቅ ሳልጠይቀው «የፋብሪካ ሠራተኛ» ብዬ ጻፍሁ።

«ጋሼ፥ ገበሬ ብለህ ጻፍልኝ» አለኝ።

«ዕርፍ ከጨበጥህ ስንት ዓመትህ ነው?»

«አራት። ነገር ግን ፋብሪካው ቢያሰናብተኝ የምመለሰው ወደ አባታችን መሬት ነው፤ ያን ጊዜ ወረቀቱ ገበሬ አይደለህም ቢለኝስ?»

ወንድሜ ነውና ላዝንለት፥ ጸሐፊ ነኝና እውነቱን ልጽፍ ይገባኝ ነበር። የጻፍሁትን አልሰረዝሁም። እርሱም ፈርሞ ወጣ፤ እስከ ፋሲካም ድረስ ቤቴን አልረገጠም። በበዓሉ ማግሥት ሲመጣ ስለ ቅጹ አላነሣም፤ የጠየቀኝ ዘንድሮ የአባታችንን በሬዎች ማን እንደሚጠምዳቸው ብቻ ነበር።