«ክልስ» ስንል ምን ማለታችን ነው?

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ በፍቅር የተናገራችሁት ቃል ሰው አቁስሎባችሁ ያውቃል? እኔን ሰሞኑን ገጠመኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለችው ወለቃ፣ ጓደኛዬ ቤት ቡና ተጠርተናል። ሊያገባት ያሰባትን ልጅ ለአክስቱ ሊያስተዋውቅ ነው። አክስትየው ልጅቷን ከእግር እስከ ራሷ አዩና «ቅላቷ ከየት መጣ?» አሉ። እኔ ቀደም ብዬ «ክልስ እኮ ናት እትዬ! የአያቷ አባት ጣሊያን ነው» አልኩ። ማሞገሴ ነበር! ልጅቷ ሲኒዋን አስቀምጣ ዝም አለች።

ስንሸኛት «አያቴ ዕድሜዋን ሙሉ "የጣሊያን ዲቃላ" ስትባል ነው የኖረችው። አንተ ደግሞ ቃሉን አሳመርክልኝ» አለችኝ። ክው አልኩ።

ለካ ጉዱ ብዙ ነው! የፋሺስት መንግሥት በ1929 ዓ.ም. ከሐበሻ ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት የኖረ ጣሊያን እስከ አምስት ዓመት እንዲታሰር ደነገገ። በ1932 ዓ.ም. ደግሞ ጣሊያናዊ አባት ክልስ ልጁን «ልጄ ነው» እንዳይል፣ ልጁም በአባቱ ስም እንዳይጠራ፣ ማሳደጊያውም በእናት ጫንቃ ላይ ብቻ እንዲሆን ሕግ ወጣ። አባት ስሙን ነፈገ፤ ሰፈር ደግሞ «ዲቃላ» የሚል ስም ሰጠ።

ሲመቸን ግን እንዴት እንደምንገለበጥ! በ1954 ዓ.ም. የአፍሪካን ዋንጫ ያነሳው አምበላችን ሉቻኖ ቫሳሎ አባቱ ጣሊያን ነበር። ያን ቀን «የኛ ልጅ» ነበራ!

ይህን ደግሞ ከማንም በላይ ወለቃ ታውቀዋለች። ሸክላ ሠሪዎቿ ራሳቸውን «ቤተ እስራኤል» ሲሉ ሌላው «ፈላሻ»፣ «ካይላ»፣ ሲብስበትም «ቡዳ» ይላቸው ነበር። ሸክላቸውን ግን በደስታ ይገዛል! እነሱ ወደ እስራኤል ሄዱ፤ ሰዉ ግን መንደሩን ዛሬም «ፈላሻ መንደር» ይለዋል።

በማግስቱ ይቅርታ ልጠይቅ ሄድኩ። «"ክልስ" ስድብ ነው አላልኩም፤ እኔ ራሴ ስለው አያመኝም። ግን ከስሜ በፊት ለምን እሱ ይቀድማል?» አለችኝ። መልስ አጣሁ።

ሽማግሌ ሊላክ ነው። አክስትየው አሁንም ስለ ዘሯ ይጠይቁኛል። እኔም አንድ መልስ ብቻ አለኝ፤ ስሟን እነግራቸዋለሁ። እናንተስ ወዳጃችሁን ስታስተዋውቁ በምን ትጀምራላችሁ?