ከኋላ የሚሰማ ኮቴ

ዘመኑ 2010 ዓ.ም.፣ ወሩም ሐምሌ ነበር። የቀሐ ወንዝ በክረምት ሞልቶ ሲወርድ ድምፁ በሚሰማበት፣ ከፋሲል መዋኛ ብዙም በማይርቅ አንድ የጎንደር መንደር፣ በአንድ የአማርኛ መምህር ቤት ስድስት ሰዎች ፊልም ለማየት ተሰበሰቡ። ፊልሙን በፍላሽ ይዛ የመጣችው ከዩኒቨርስቲ ለዕረፍት የተመለሰችው የመምህሩ ልጅ ናት። ከእርሷና ከወላጆቿ በቀር የቀበሌ ኃላፊ የሆኑ አንድ ጎረቤት፣ የሱቅ ማስታወቂያ እየጻፈ የሚተዳደር አንድ ወጣት ሠዓሊና የመምህሩ አክስት የሆኑ አንዲት አረጋዊት ነበሩ። አቦሉ ሲቀዳ የተጀመረው ፊልም መብራት ሁለት ጊዜ ጠፍቶ፣ ሁለት ጊዜ መጥቶ፣ በረካው ከተጠጣ በኋላ አለቀ። ክርክሩ ግን እስከ እኩለ ሌሊት ዘለቀ።

የታየው «ድፍረት» ነበር። ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ጽፎ ያዘጋጀው ይህ የአማርኛ ፊልም በ1980ዎቹ መጨረሻ አርሲ ውስጥ በተፈጸመ እውነተኛ ታሪክ ላይ የቆመ ነው። ሂሩት የተባለች የ14 ዓመት ተማሪ ከትምህርት ቤት ወደ ቤቷ ስትመለስ ፈረሰኞች ከበው ይጠልፏታል፤ ተደፍራ ከተዘጋባት ጎጆ ጠመንጃ ይዛ ታመልጣለች፤ ሲያሳድዷትም ተኩሳ ጠላፊዋን ትገድላለች። የቀረው የፊልሙ ክፍል የችሎት ታሪክ ነው። ሂሩትን ሆና የተጫወተችው ትዝታ ሀገሬ፣ ጠበቃዋን ሆና የተጫወተችውም ሜሮን ጌትነት ናት። የጠበቃዋ ገፀ ባሕርይ የተቀዳው የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን ከመሠረቱት አንዷ ከሆኑት ከመዓዛ አሸናፊ ነው፤ እኚህ ሴት ከ2011 እስከ 2015 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው አገልግለዋል።

ፊልሙ በ2006 ዓ.ም. በአሜሪካ በሰንዳንስ፣ በጀርመንም በበርሊን የፊልም በዓላት ላይ ሽልማት አግኝቷል። ሁለቱም ሽልማቶች በዳኞች ሸንጎ የሚወሰኑ አልነበሩም፤ በአዳራሽ ውስጥ የተቀመጠው ተመልካች በድምፁ የሚሰጣቸው ናቸው። እንግዲህ የ«ድፍረት» ዕድል ከመነሻው የተያያዘው ከተመልካች አስተያየት ጋር ነው። ያን ምሽት በቀሐ አጠገብ የተሰጠው አስተያየትም በየትም መዝገብ ባይገባ፣ ሊናገሩለት የሚገባ ነበር።

መጀመሪያ የተናገሩት የቀበሌው ኃላፊ ናቸው። ፊልሙ መልካም መሆኑን መስክረው፣ ጉዳዩ ግን ያለፈ ታሪክ መሆኑን አስረዱ። «በ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባ ክሱ ይቀርለት ነበር። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ግን ይህን ሽሮታል። ለጋብቻ ብሎ ሴትን በኃይል የጠለፈ ሰው ከሦስት እስከ አሥር ዓመት በጽኑ እሥራት ይቀጣል፤ ኋላ ቢያገባትም ከቅጣት አይድንም። ስለዚህ ፊልሙ የሚያሳየን ትናንትን ነው» አሉ። የተናገሩት ሁሉ ትክክል ነበር። አንቀጹን ቁጥሩ ሳይቀር ያውቁታል፤ 587 ነው። ሰብሳቢ እንደሆኑበት ስብሰባ ሁሉ ንግግራቸውን በእርካታ ዘግተው ስኒያቸውን አነሡ።

ወጣቱ ሠዓሊ ነገሩን በሙያ ዐይን አየው። የፈረሶቹን አመጣጥና የሜዳውን ስፋት አደነቀ፤ ነገር ግን ታሪኩ ችሎት ከገባ በኋላ ፍርሃቱ እንደላላበት ተናገረ። ለማነጻጸሪያም በዚያው ዓመት በተንቀሳቃሽ ስልኩ ያየውን አንድ የአሜሪካ ፊልም ጠቀሰ፤ ርእሱ «አንሴን» ነው። ስቲቨን ሶደርበርግ የተባለው ዕውቅ አዘጋጅ፣ የትላልቅ ኩባንያዎች ገንዘብ ሳያጣ፣ ይህን ፊልም ሆን ብሎ በአነስተኛ ወጪና በስልክ ካሜራ ቀርጾት በየካቲት 2010 ዓ.ም. በበርሊን አሳይቶታል። ከሚከተላት ሰው ለመሸሽ ከተማ የለወጠች አንዲት ሴት ምክር ለማግኘት ሐኪም ቤት ትሄዳለች፤ ምንነቱን ሳታስተውል በፈረመችው ወረቀት ሳቢያ የአእምሮ ሕመምተኞች በሚተኙበት ክፍል ትያዛለች፤ ከሠራተኞቹ መካከልም ያንኑ አሳዳጇን ታያለች። ጮኻ ትናገራለች፤ የሚያምናት ግን የለም።

«ጋሼ፣ እዩት እንግዲህ» አለ ሠዓሊው ወደ መምህሩ ዞሮ፤ «ፈረስ የለ፣ ጠመንጃ የለ፣ የቀረጸው ስልክ ነው። ስልኩ ግን ፊቷ ድረስ ስለሚጠጋ የሚያየው ሰው ትንፋሽ ያጥረዋል። ታማ ይሆን እንዴ ብሎ ተመልካቹ ራሱ ይጠራጠራታል፤ በመጠራጠሩም ከማያምኗት ወገን ይሆናል። ሂሩትን እኛ ከመጀመሪያው አምነናታል። የማትታመነዋ ትብሳለች ባይ ነኝ።»

የመምህሩ ባለቤት እስከዚያ ድረስ ረከቦቱን ያነሣሡ ነበር። ቀና ብለው፣ «እኔን የገረመኝ ሌላ ነው፤ ያን ሁሉ ሜዳ ልጅቱ ለምን ብቻዋን ትሄዳለች? ማን ነው ብቻዋን የላካት?» አሉ። የቀበሌው ኃላፊ በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ይህ ጥያቄ በየአዳራሹና በየቡናው ዙሪያ ከሁሉ ቀድሞ የሚነሣ ነው፤ ክፋትም የለበትም፤ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ሴት ልጅ ካላት እናት ፍርሃት ነው። ሆኖም ክብደቱ የሚያርፈው ባሳዳጁ ላይ ሳይሆን በተሳዳጇ ላይ ነው።

ልጅቱ ይህን አላለፈችውም። «እማዬ፣ እነዚያ ፈረሰኞች ለምን መጡ ብለሽ ለምን አትጠይቂም?» አለች። ቀጥላም ማንም ያልጠየቃትን ተናገረች። ከትምህርት በኋላ ወደ ተከራየችው ክፍል ስትመለስ ስልኳን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ትሄዳለች፤ በማዶ ግን ማንም የለም። ብቻዋን ያልሆነች እንዲመስላት፣ ለሌላውም እንዲመስል፣ ከባዶው ስልክ ጋር ታወራለች። የትኛው ሱቅ አምሽቶ እንደሚዘጋ፣ የትኛው ዘበኛ ደጉ እንደሆነ ታውቃለች። በየመንገዱ የሚወረወረውን ለከፋ ለምዳዋለች፤ የማትለምደው ሳይለክፍ ዝም ብሎ የሚከተለውን ነው። «የሚናገረው ምን እንደሚፈልግ ይታወቃል። ዝም የሚለውን ግን ለማንም መክሰስ አይቻልም፤ ምን አደረገሽ ሲሉኝ ምን እላለሁ?» አለች። ወላጆቿ ይህን ሲሰሙ የመጀመሪያቸው ነበር። እናቷ የያዙትን ስኒ መልሰው አስቀመጡት።

በዚህ መካከል፣ እንቅልፍ የወሰዳቸው መስለው የነበሩት አክስት ተናገሩ። «ይኸ ፊልማችሁ አንድ ውሸት አለበት» አሉ። ሁሉም ወደ እርሳቸው ዞረ።

«ፈረስ ሲመጣ ይሰማል። የኔው ሰው ግን እንዲያ አልመጣም። አገሬ ወገራ አይደል፤ አንድ ክረምት ሙሉ ዝም ብሎ ተከተለኝ። ውሃ ስወርድ ከቁጥቋጦው ማዶ ነው። ቤተ ስኪያን ስሳለም ከቅጥሩ ጥግ ነው። አንድ ቃል አይናገርም። ለእናቴ ብነግራት፣ ‹ዐይንሽ ነው፣ ምን ሥራ ፈት ይከተልሻል› አለችኝ። ያን ጊዜ እኔም ዐይኔን ተጠራጠርሁት። በኋላ መስከረም ሲጠባ ከነጓደኞቹ መጥቶ ወሰደኝ። የወሰደኝ ቀን፣ ብታምኑኝ፣ ግማሹ ፍርሃት ለቀቀኝ፤ ዐይኔ ዋሽቶ እንዳልነበር አወቅሁ።»

«ከዚያስ እማማ?» አለች ልጅቱ።

«ከዚያማ ሽማግሌ ገባ፤ ታረቁ፤ ባሌ ሆነ። ስድስት ወለድንለት። ደግ ሰው ነበር፤ ነፍሱን ይማረው። እስኪሞት ድረስ ግን ከኋላዬ ሲመጣ ዞር ብዬ አያለሁ።»

መምህሩ በአክስቱ ቤት ያደገ ሰው ነው። የአጎቱን ባል መሆን እንጂ ጠላፊ መሆን ሰምቶ አያውቅም። ስድሳ ዓመት ያለፈው ነገር በቤተ ዘመዱ ዘንድ በአንድ ቃል ይጠራ ነበር፤ «ሲጋቡ» ይባላል። ወጣቱ ሠዓሊም ከሁለቱ ፊልሞች የትኛው እንደሚብስ መጠየቁን ተወ። አሜሪካዊው አዘጋጅ በስልክ ካሜራ ያሳየውን፣ ያለመታመንን ስቃይ፣ እኒህ አረጋዊት ፊልም የሚባል ነገር ከማየታቸው በፊት ኖረውታል። ኃላፊው የጠቀሱት አንቀጽም ጠላፊውን የሚይዘው ከጠለፈበት ቀን ጀምሮ ነው፤ ከቁጥቋጦው ማዶ የቆመበትን ክረምት ግን በዚያ ቤት የቆጠረለት አልነበረም።

የፊልሙ ርእስ ራሱ ለዚህ ነገር ቁልፍ ይሰጣል። በአማርኛ ደፋር የሚባለው የማይፈራው ሰው ነው፤ ደፈራት ሲባል ግን ነገሩ ወንጀል ነው። ሁለቱም ከአንድ ግስ ይወጣሉ። አዘጋጁ ይህን የቃል ጥምረት ርእስ ሲያደርገው፣ የጠላፊውን ድፍረት ከልጅቱ ድፍረት ጋር አፋጥጦ ለተመልካቹ ፍርድ ትቶታል። የወንድ ልጅ ድፍረት እየተባለ የሚሞገሰው ነገር በየት በኩል ወደ ሌላው ትርጉም እንደሚሻገር ግን ፊልሙ ብቻውን አይነግርም፤ ያየው ሰው ከራሱ ሕይወት መፈለግ አለበት።

ሊረሳ የማይገባው ሌላም ነገር አለ። በነሐሴ 2006 ዓ.ም. ፊልሙ አዲስ አበባ ውስጥ ሊመረቅ ሕዝቡ ከገባ በኋላ በፍርድ ቤት እግድ ተቋርጦ ነበር፤ ታሪኩ የተወሰደው ያለ ባለታሪኳ ፈቃድ ነው የሚል አቤቱታ በመቅረቡ ነው። ክርክሩ አልፎ ፊልሙ ለዕይታ በቃ። ሆኖም ከአሳዳጆቿ ያመለጠች ሴት ታሪኳ ደግሞ ሊከተላት እንደሚችል ይህ ያስታውሳል። አክስቲቱም ያን ሌሊት ተናግረው ሲጨርሱ፣ «ይህን ለልጆቼ እንዳትነግሩ» ብለው አሳስበዋል። ሁሉም ቃል ገባ።

ከስድስቱ ሰዎች አስተያየት ያልሰጠው መምህሩ ብቻ ነው። በሌሊቱ እንቅልፍ አልወሰደውም፤ የሚያስታውሰው የ1976 ዓ.ም. ጥምቀት ነበር። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ እንዲሉ፣ ያን ቀን በቀሐ ዳር ያልተዋበ አልነበረም። የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ሳለ፣ ታቦታቱ ከጥምቀተ ባሕሩ ሲመለሱ፣ ለአንዲት የክፍሉ ልጅ ሎሚ ወረወረ። በወጉ ሎሚው ጥያቄ ነው፤ ያነሣችው መልስ ሰጠች፤ ያላነሣችው እንደዚሁ መልስ ሰጠች። ልጅቱ ሎሚውን አላነሣችም። ጉዳዩ እዚያ ላይ ማለቅ ነበረበት። እርሱ ግን ከጥር እስከ ሚያዝያ ከትምህርት ቤት እስከ ደጃፏ ሃያ እርምጃ ያህል ወደ ኋላ ቀርቶ ተከተላት። ክፉ ቃል አልተናገራትም፤ እንዲያውም ምንም አልተናገራትም። መንገድ ስትቀይር መንገድ ቀየረ። በግንቦት ትምህርቷን ትታ ሌላ አገር ወዳሉ ዘመዶቿ መሄዷን ሰማ።

ስለዚያ ወራት መምህሩ በወጣትነቱ ግጥሞች ጽፎ ነበር፤ በሁሉም ውስጥ የሚሠቃየው እርሱ ነው። ፍቅር ብሎ ጠርቶት ሠላሳ አራት ዓመት ኖሯል። ያን ሌሊት ግን ግጥሞቹን በልቡ ሲወጣቸው፣ ልጅቱ በአንዳቸውም ውስጥ ፊት እንዳልነበራት አስተዋለ፤ ሁልጊዜ የሚታየው ጀርባዋ ነበር። በዚያን ጊዜ ስልክ የለ፤ ጆሮዋ ላይ ምን አድርጋ ትሄድ ነበር? ለእናቷስ ነግራ ይሆን? እናቷስ ምን ብለው መለሱላት?

ሰኞ ማታ መምህሩ ከወዳጅ ቤት ሲመለስ ዝናቡ አባርቶ ነበር። ወደ ቀሐ ድልድይ ሲቃረብ ከፊቱ አንዲት ሴት ብቻዋን ትሄዳለች፤ ጥላዋን አጥፋ በእጇ ይዛለች። ሌላ መንገደኛ የለም። ሴቲቱ አንድ ጊዜ ዞር ብላ አየችና እርምጃዋን ፈጠን አደረገች። መምህሩ በእርጥቡ ድንጋይ ላይ የጫማውን ድምፅ ሰማ። «እኔ እኮ መምህር ነኝ» ብሎ ሊጣራ ቃጣው፤ መልሶ ተወው። ከድልድዩ ላይ ቆመና ወደ ደፈረሰው ውሃ ጎንበስ ብሎ ተመለከተ። የሴቲቱ ኮቴ እየራቀ ሄዶ እስኪጠፋ ድረስ ከቆመበት አልተንቀሳቀሰም።