የሉሰይሉ ሻይ ሻጭ



ሉሰይል ከዶሃ በስተ ሰሜን በባሕሩ ዳር የተሠራች አዲስ ከተማ ናት። ታኅሣሥ 9 ቀን 2015 ዓ.ም. አርጀንቲናና ፈረንሳይ ለዓለም ዋንጫ የተጋጠሙት በዚህች ከተማ ስታዲየም ነበር፤ 88,966 ሰው ተሰብስቦ ተመልክቷል። ከእናንተ መካከል ያን ጨዋታ ለእንግዳ ሻይ እያመላለሰች በጆሮዋ ብቻ የሰማች እንደማትጠፋ እገምታለሁ።

ሉሰይል ቀን በሙቀቱ ጭር ትልና ሲመሽ ትነቃለች። እንደ ተቆላለፉ ጎራዴዎች ሆነው የቆሙት የካታራ ሕንፃዎች መብራታቸው ሲበራ ሰው ከየቤቱ ይወጣል። በአንድ ዓርብ ምሽት ሦስት እኅቶች “አባታችን፣ የእኛን ሻይ ሻጭ ሳያዩማ አይሄዱም” ብለው ከዋናው ጎዳና ወጣ ወዳለች አንዲት ጠባብ ሻይ ቤት ወሰዱኝ።

እዚያ የሚሸጠው ካራክ ነው። ስሙ በሕንዶች ቋንቋ “ጠንካራ” ከሚለው ቃል የመጣ ሲሆን፣ ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ያመጡትም ከሕንድና ከአካባቢው ለሥራ የመጡ ሰዎች ናቸው። ሻይ ቅጠሉ እስኪጠቁር ይፈላል፤ የቆርቆሮ ወተት፣ ስኳርና ሄል ይጨመርበታል፤ ከዚያም ከፍ ተደርጎ እየተንቆረቆረ ይቀዳል። ባለ መኪናዎች ጥሩንባ ይነፋሉ፤ ሻዩ በመስኮት ይደርሳቸዋል። በእግሩ የመጣ ግን ቆሞ ተራውን ይጠብቃል።

ሻይ ሻጩ በደቡብ ሕንድ ከምትገኘው ከኬረላ የመጣ፣ ጸጉሩ የሸበተ ሰው ነው። እኅቶቻችንን ባየ ጊዜ የወተቱን ማንቆርቆሪያ ወደ ጎን አደረገና በአማርኛ “ጾም?” አለ። እነርሱም “ጾም!” ብለው ሳቁ። ወተት የሌለበትን፣ እነርሱ “ሱለይማኒ” የሚሉትን ቀይ ሻይ ቀዳላቸው። የዕረፍት ቀናቸው ዓርብ፣ ዓርብም የጾም ቀን መሆኑን ሰውዬው ከልምድ ዐውቆታል።

በኬረላ የሐዋርያው ቶማስ ልጆች ነን የሚሉ፣ እንደ እኛ ረቡዕና ዓርብን የሚጾሙ ኦርቶዶክሳውያን ስላሉ፣ ከእነርሱ ወገን መስሎኝ በአንዷ እኅት አስተርጓሚነት ጠየቅሁት። “አይደለሁም፣ ሙስሊም ነኝ። መጀመሪያ ቀን ይህች ልጅ ወተት ያለበትን ቀድቼላት ሳትጠጣው ይዛው ቆማ አየኋት። መመለስ አፍራ ነበር። ከዚያ ወዲህ እጠይቃለሁ” አለኝ።

ልጅቱ አቀርቅራ ሰማችው። በኋላ ስንመለስ እንዲህ አለችኝ፦ “አባቴ፣ ስድስት ቀን ሙሉ ‘ምን ላምጣ? ምን ትጠጣላችሁ?’ የምለው እኔ ነኝ። በሳምንት አንድ ቀን እኔን የሚጠይቀኝ እርሱ ነው።”

ይህ ቃል ከልቤ አልወጣም። የእኅቶቻችን ድካም የሥራ ብዛት ብቻ አይደለም፤ የሚወዱትንና የማይሆናቸውን የሚጠይቃቸው ማጣትም ነው። በጥቂት ሪያል የተገዛው ሻይ ጥማቸውን ብቻ አልቆረጠላቸውም።

ነገር ግን እዚያች ሻይ ቤት ለመድረስ መጀመሪያ ከቤት መውጣት ያስፈልጋል። በኳታር እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ቁጥር 15 የቤት ሠራተኞች ሕግ በሳምንት 24 ሰዓት ሳይቋረጥ፣ ደመወዝ የሚታሰብበት ዕረፍት እንዲሰጥ ያዝዛል። ይህን ዕረፍት የማታገኝ ብዙ እኅት መኖሯን ዐውቃለሁ። ሕጉ መኖሩን ማወቅ ግን በትሕትና ለመጠየቅ አፍ ይሆናል።

የምትወጡትም ያልወጣችውን አትርሱ። ትናንት ከአገር የመጣች፣ ቋንቋ የሌላት፣ የተሰጣትን ይዛ ዝም ብላ የቆመች ልጅ ስታዩ ቀርባችሁ “እኅቴ፣ አንቺስ ምን ትጠጫለሽ?” በሏት።

ቸር ሰንብቱ።