የልጄ ባጃጅ በአዳማ
ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀውን አዳማን ያለ ባጃጅ ማሰብ ይከብዳል። የልጄም እንጀራ እሱ ነው። ባለፈው ልጠይቀው ሄጄ ወደ ወንጂ ስንወጣ፣ ተማሪዎች እስኪሻገሩ ማርሽ እንደገባ ፍሪሲዮን ይዞ ቆመ። ባጃጁ ግን ወደ ልጆቹ ተንፏቀቀ! በእግር ፍሬን አቆመውና ጥግ ያዘ።

ካቦው ላልቶ ኖሯል። ዳዶውን ፈታ አድርጎ ማስተካከያውን አዞረ፤ የግራ እጁ መያዣ ካቦውን መሳብ ከመጀመሩ በፊት 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ብቻ እንዲላወስ ትቶ መልሶ አሰረው።

«ጥብቅ አድርገህ አትገላገልም?»

«አይ እማዬ፣ ከጠበቀ ሸራው እየተንሸራተተ ይቃጠላል። ዳገት ላይ ሞተሩ ይጮሃል እንጂ አይጎትትም።»

ላልቶ ሳለ ስንት ቀን ሰው ጭኖበት ይሆን? አልጠየቅሁትም። የወንጂ ሸንኮራ አገዳ እስኪታየን ድረስ ግን ግራ እጁን እጁን ሳይ ሄድኩ።