አንድ ጎረምሳ ታች አለ

በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ አስጎብኚ ሳለሁ እንግዶች የሚፈሩት ገደሉን ነበር። እሜት ጎጎ ጫፍ፣ 3,926 ሜትር ላይ ቆሞ ቁልቁል ያየ ሰው ጉልበቱ ቢከዳው አይፈረድበትም። እኔ ግን ገደል የገባ እንግዳ አላየሁም። እንግዳን የሚጥለው ከፍታው ነው። ጨነቅ ሰፈር አንድ ጠና ያለ ሰውዬ ሌሊቱን ሲያስለው አድሮ ጠዋት እንደ ሰከረ ይንገዳገድ ጀመር። የቧሂትን ተራራ ካልወጣሁ ብሎ ሙጭጭ አለ። ጠመንጃ ይዞ የሚያጅበን ስካውት «መድኃኒቱ ቁልቁለት ነው» ብሎ ክርክሩን ዘጋው። ከመካነ ብርሃን የመጣ አይሱዙ ጋቢና ውስጥ አስገብተን ወደ ደባርቅ ሸኘነው፤ ማታ ራት በልቷል አሉኝ።

ገደሉ የሚወስደው የአገሩን ልጅ ነው።

በፓርኩ ውስጥ የነበረው የጊች መንደር ሰዎች ወደ ደባርቅ ከመዛወራቸው በፊት ነው፤ ወሩ ጥቅምት። ከሁለት እንግዶች ጋር ከሳንቃበር ተነስተን የጅንባርን ፏፏቴ አልፈናል። ጉሙ እንደ ልማዱ ረፋድ ላይ ከቆላው ተነስቶ ገደሉን ሸፍኖታል። ድንገት ኡኡታ ሰማን። አንድ ልጅ ሳር ሊያጭድ ከጫፉ በታች ወዳለችው እርከን ወርዶ ነበር። እዚያ ከብት ስለማይደርስ ሳሩ ረጅም ነው፤ ዋልያም የሚውለው ለዚሁ ነው። ድንጋዩ ግን ጤዛ ጠጥቶ ያሟልጫል።

ስካውቱ ሁለት ጊዜ ወደ ሰማይ ተኮሰ። በዚያ አገር ጥይት የሰማ ሰው ሥራውን ጥሎ ይመጣል። ገመድ የሚባል ነገር በእጃችን አልነበረም። ባለ በቅሎዎቹ ጭነቱን አራግፈው ጠፍሩን ሁሉ ቀጣጠሉት። አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን አውልቀው ጠፍሩን ወገባቸው ላይ ማሰር ጀመሩ።

«አባባ፣ እርስዎ ይቅሩ፤ ጎረምሳ ይውረድ» አላቸው ስካውቱ።

«አንድ ጎረምሳ ታች አለ፤ ይበቃል» አሉ።

እየጎተትን፣ እየለቀቅን፣ በጉሙ ውስጥ ድምፃቸውን እየተከተልን አወረድናቸው። ብዙ ቆይተው «ሳቡ» ሲሉ ሰው ሁሉ ተንፈስ አለ። ቀጥለው «ቀስ በሉ፤ ልጁ የለም» አሉ። እናቲቱ ይህን የሰማችው ከእኛ ጋር ነው። ከአስታ ግንድ ቃሬዛ ተሠራ፤ የሽማግሌው ጋቢ ከፈን ሆነ። ሁለቱ እንግዶቼ የድንኳናቸውን ማሰሪያ ሰጥተው ከሰዉ ኋላ መንደሩ ድረስ ሄዱ። ማንም አላዘዛቸውም።

ደባርቅ ስመለስ ያገኘኝ ሰው ሁሉ የጠየቀኝ እንግዶቹ ደንግጠው እንደሆነ ነው። የልጁን ስም የጠየቀኝ አልነበረም።

በ2011 ሚያዝያ ፓርኩ ሲቃጠል ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች፣ ከኬንያ ደግሞ ሄሊኮፕተር መጣ። እሳቱን በቅጠል ለመደብደብ ከከተማ በመኪና ከወጡት መሀል እኚያን ሽማግሌ አገኘኋቸው። ፊታቸው ጥላሸት ለብሷል። ሄሊኮፕተሩ በላያችን ሲያልፍ ቀና ብለው ተከተሉት።

«ሰውም ያነሳል?» አሉኝ።

«ያነሳል፣ አባባ።»

«ከገደልም?»

«ከገደልም።»

«እና ለሣሩ ነው የመጣው?» ብለው ቅጠላቸውን አንስተው ወደ ጭሱ ሄዱ።