በወንዝ ላይ የቆመው የሴቶች ቤት

ውድ እህቴ፣ ፈረንሳይ የመሄድ ዕድል ቢገጥምሽ፣ ከቱር ከተማ በባቡር ግማሽ ሰዓት ያህል ተጉዘሽ ሼኖንሶን ሳታዪ እንዳትመለሺ። ሼር በተባለው ወንዝ ላይ እንደ ድልድይ ተዘርግቶ የቆመ ቤተ መንግሥት ነው። የአገሩ ሰዎች «የሴቶች ቤተ መንግሥት» ይሉታል።

እውነትም የሴቶች ነው። በ16ኛው ምዕት ዓመት መጀመሪያ፣ ባለቤቷ ጣልያን አገር ዘምቶ ሳለ ግንባታውን ቆማ ያሠራችው ካትሪን ብሪሶኔ ናት። ድልድዩን ያሠራችው የንጉሥ ሄንሪ 2ኛ እቁባት ዲያን ደ ፗቲዬ ናት። ንጉሡ በ1559 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ሲሞት ሚስቱ ካትሪን ደ ሜዲቺ ዲያንን አስለቅቃ ገባችበት፤ በድልድዩም ላይ 60 ሜትር የሚረዝም አዳራሽ አሠራችበት። የጣውንት ነገር በቤተ መንግሥትም ያው ነው!

እኔን ግን ከመኝታ ክፍሎቹ ጌጥ ይልቅ የያዘኝ ማድ ቤቱ ነው። ደረጃውን ስትወርጂ ወንዙ ውስጥ በተተከሉት ምሰሶዎች ሆድ ውስጥ ትገቢያለሽ። ትልቁ ምድጃ፣ የዳቦ መጋገሪያው፣ የሥጋ መስቀያው፣ የመዳቡ ድስት፣ የሠራተኞቹ መመገቢያ ሁሉም አለ። ስንቁ በጀልባ ነበር የሚመጣው። በመስኮቱ ውሃው ሲያልፍ እያየሁ ብዙ ቆምኩ። ያንን ድስት ሲያጥቡ የኖሩትን ሴቶች ስም ግን የሚነግረኝ አላገኘሁም።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት አዳራሹ ሆስፒታል ሆኖ ከ2 ሺህ በላይ ቁስለኞች ታክመውበታል። በሁለተኛው ደግሞ ከ1940 እስከ 1942 ወንዙ ጀርመኖች በያዙትና ባልያዙት ግዛት መካከል ድንበር ስለነበር፣ በአንደኛው በር ገብተው በማዶው በር ያመለጡ አሉ። እኔ በሄድኩበት ቀን በዚያ በር አጠገብ አንዲት እናት ተንበርክካ የልጇን ጫማ ታስር ነበር።